«አሳፈረችኝ» ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ?

ጥያቄው፦ «በቅርቡ ነው ያገባሁት። መልሱ ለገጣፎ በእናቴ ግቢ ነበር። አዝማሪ ተጠርቶ ነበርና ሙሽራውን እያየ እንዲህ ብሎ ዘፈነ፦

ለገጣፎ መንገድ ድንገት አገኘችኝ፣
ሰው ሁሉ እያየ እሷ አሳፈረችኝ።

የባሌ ዘመዶች በሳቅ ፈነዱ። ባሌም ሳቀ። እናቴ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። ‹በገዛ ግቢዬ ልጄን አሳፋሪ ብሎ ሰደባት› አለች። አሁን ቅልቅሉ ሰንዳፋ፣ ባሌ ቤተሰቦች ጋ ነው። ያው አዝማሪ ተጠርቷል። እናቴ ደግሞ እሱ ካለ አልመጣም ብላለች። እውነት ስድብ ነው? አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፣ ግን ሰዎቹ ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም። እንዲህ ያለውን ነገር የፍቅር ዘፈን ውስጥ እንዴት ነው የሚሰማው? ይጠቅም እንደሆነ፣ ከባሌ ጋር የተዋወቅነው ከአያት ወደ ቤቴ ስሄድ ሊፍት ሰጥቼው ነው። ሚዜዎቹ ሁሉ ይህን ያውቃሉ።»

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ትዳራችሁ የአብርሃምና የሣራ ይሁን።

መልሱን ላስቀድም። ስድብ አይደለም። ሙገሳ ነው፣ ያውም ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ሙገሳ። ቁልፉን አንቺው መጨረሻ ላይ ጽፈሽዋል። ሊፍቱ ነው።

«አሳፈረችኝ» ሲጻፍ አንድ ነው፣ ሲነገር ግን ሁለት ነው። «ሳ»ን አላልተሽ ስትይው ከሀፍረት ይመጣል፤ በሰው ፊት አዋረደችኝ ማለት ይሆናል። «ሳ»ን አጥብቀሽ ስትይው ደግሞ ከመሳፈር ይመጣል፤ መኪናዋ ላይ ጫነችኝ ማለት ነው። ረዳቱ ለሹፌሩ «ቆይ፣ ሰው ላሳፍር» ሲለው የሚናገረው የጠበቀውን ነው። አሁን ግጥሙን መልሰሽ በይው። «ሰው ሁሉ እያየ እሷ አሳፈረችኝ።» ፌርማታ ላይ ተሰልፎ ታክሲ ከሚጠብቀው ሕዝብ መሀል እሱን መርጣ ጫነችው። ተሰላፊው ሁሉ በቅናት እያየ እሱ ጋቢና ገባ። የባልሽ ዘመዶች በሳቅ የፈነዱት ለዚህ ነው።

እናትሽ የሰሙት የላላውን ነው። በዚህ ሊወቀሱ አይገባም። ምናልባት ጆሯቸው ከአንቺም ከእኔም የተሻለ ነው። ያልነበራቸው ወሬው ነው። ልገምት፤ የሊፍቱን ታሪክ ለእናትሽ አልነገርሻቸውም፣ አይደል? ብዙ ሴት ልጅ ለእናቷ «በሥራ ቦታ ነው የተዋወቅነው» ነው የምትለው። እንዲህ ያለ ግጥም ግማሹ ቃሉ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ሰሚው አስቀድሞ በሚያውቀው ነገር ውስጥ ነው። ሚዜዎቹ ሁለቱንም ይዘው ነበር። እናትሽ አንዱን ብቻ። አንቺ ደግሞ ታሪኩን እያወቅሽ ቃሉን አላዞርሽውም። ሙሽራ ነሽና ጭንቅላትሽ ሌላ ቦታ ነበር።

አዝማሪውስ ከየት ሰማ? ጠይቆ ነው። ጥሩ አዝማሪ ድግስ ቤት ሲደርስ ማሲንቆውን ከመቃኘቱ በፊት ሰው ይቃኛል። ሚዜ ይይዛል፣ አስተናጋጅ ያዋራል። ሙሽራው ምን ይሠራል? እንዴት ተገናኙ? ቀልድ የሚወድ አጎት ማን ነው? በሌሊት እየዞሩ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎችም ይህን ያደርጋሉ። ጎረቤት ጠይቀው የባለቤቱን ስም ይዘው ነው ደጁ የሚቆሙት። አዝማሪዎች ከዚህም አልፈው እርስ በርስ የሚግባቡበት፣ ሌላው የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። አጠገብሽ ቆመው ስለ አንቺ ሊያወሩ ይችላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ።

እንዲህ ላዩ አንድ፣ ውስጡ ሌላ የሆነውን ግጥም ሰምና ወርቅ እንለዋለን፤ ላይ ላዩ ያለው ትርጉም ሰም፣ የተደበቀው ወርቅ ነው። ስሙ ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው። አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይሠራዋል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በቀረው ክፍት ቦታ ወርቅ ይፈሳል። ጭቃው ሲሰበር ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ይገኛል። ብዙ ሰው ከዚህ ውስጥ የሚይዘው ሰሙ ርካሽ፣ ወርቁ ውድ መሆኑን ብቻ ነው። እኔ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማሳስባቸው ግን ሌላውን ነው። ወርቁ ቅርጹን ያገኘው ከሰሙ ነው። ሰሙ ከተንጋደደ ወርቁም ተንጋዶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጥሩ የፍቅር ግጥም ላይ ላዩም ሙሉ ታሪክ መሆን አለበት። ወርቁን ያላገኘ ሰው እንኳ «እሺ፣ ይሁን» ብሎ የሚቀበለው ነገር ሊኖረው ይገባል። የአንቺው አዝማሪ ሰሙን በደንብ ስለሠራው ነው እናትሽ ከልባቸው የተቀየሙት። በሴት መዋረድ፣ መንገድ ላይ፣ በሰው ፊት፤ የሚታመን ታሪክ ነው።

ሰውየው ይህን ጥበብ ቅኔ ቤት ገብቶ ላይማረው ይችላል። ቅኔ ቤት በግዕዝ ነው። ተማሪው የሚጀምረውም ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ነው። አዝማሪም የሚሠራው በሁለት ስንኝ ነው፣ በአማርኛ። ልዩነቱ ጊዜው ነው። የቅኔ ተማሪ ጥላ ሥር ተቀምጦ አሰላስሎ ቅኔውን ያዘጋጃል። አዝማሪ አንቺን እያየ፣ ሰው እያጨበጨበ፣ ማሲንቆው እየሄደ መጨረስ አለበት።

ለምን በፍቅር ላይ በዛ? በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት ድግሱ ራሱ ነው። እስቲ ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አስቢ። እናትሽ አሉ። የንስሐ አባት አሉ። አማቾችሽ፣ ጎረቤት፣ ሕፃናት አሉ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት «ልጅቷ መንገድ ላይ አይታ ወደደችውና መኪናዋ ውስጥ አስገባችው» ማለት አይቻልም። ነውር ነው። ግን ደግሞ የዕለቱ ጣፋጭ ታሪክ እሱ ነው፣ ዝም ሊባል አይገባም። ስለዚህ ሰም ይለብሳል። ቅኔው ፍቅሩን ከሰው የሚሸሽግ ይመስላል፣ በተግባር ግን በሰው ፊት እንዲባል መንገድ የሚከፍትለት እሱ ነው። ሕፃኑ አንዱን ይሰማል፣ ቄሱ ሁለቱንም ሰምተው እንዳልሰማ ይሆናሉ፣ ጓደኞች ይስቃሉ። ሁሉም አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል።

እንዴት ይሰማል ላልሽው፣ ጥቂት ማሳያ ልስጥሽ። ከዚህ በታች ያሉት ስንኞች የሌላ ሰው ዘፈን አይደሉም። ለማሳያ እኔው የገጠምኳቸው ናቸው። መጀመሪያ ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው፣ ማብራሪያውን ከዚያ በኋላ እይ።

ዳኛ የት ነው ያለው፣ ልንገረው ነገሬን፣
ሌሊት ሌሊት መጥታ መታችብኝ በሬን።

ከሰንዳፋ ማዶ ያለ ገበሬ ክስ ይዞ መጥቷል። አንዲት ሴት በሌሊት እየመጣች በሬውን ትመታበታለች። ዳኛ ይፈልጋል። ላይ ላዩ ይኸው ነው፣ ሙሉ ታሪክ ነው። አሁን «ሬ»ን አጥብቂው። በሬ ቀርቶ በር ይሆናል፤ የእሱ በር። ሌሊት ሌሊት እየመጣች በሩን የምታንኳኳ ሴት አለች። ሰውየው ተበደልኩ እያለ የሚያወራው፣ ሌላው ሰው ስለት ተስሎ የማያገኘውን ነገር ነው። ሳቁ ያለው ክሱ ውስጥ ነው። «ዳኛ የት ነው ያለው» የምትለዋን ባታስገቢ ግጥሙ ግማሽ ይሞታል። በሬና በር መምሰላቸው ብቻውን አያስቅም። የሚያስቀው የተመረጠ ሰው የተበደለ መምሰሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መያዣ ላስይዝሽ። ከቃል መጨረሻ የሚቀጠሉትን «ኤ» እና «ሽ» ተጠራጠሪያቸው። የእኔና የአንቺ የሚሉት ናቸው። በር «በሬ» ሲሆን ከእንስሳው ጋር ይጋጫል። ማር «ማርሽ» ሲሆን ከመኪናው ማርሽ ጋር ይጋጫል። ባለ መኪና ሙሽራ ስለሆንሽ ይቺን አንድ ቀን ትሰሚያታለሽ ብዬ እገምታለሁ።

ሁለተኛዋ ማሳያ ማጥበቅ ማላላት የላትም፦

ወዳጄ ምን ልበል፣ ምን ልንገርህ ጉዴን፣
ስማ ተለየችኝ ባዶ አርጋ ሆዴን።

ላዩ፣ አንድ የተከዳ ሰው ጓደኛውን «ስማ፣ ተለየችኝ» እያለ ያለቅሳል። ግን «ስማ» ከመስማት ብቻ አይመጣም፣ ከመሳምም ይመጣል። ስማው ነው የሄደችው። አሁን ኀዘኑ ቀለም ለወጠ። ጓደኛው ሊያጽናናው እጁን ትከሻው ላይ ካደረገ በኋላ ነው የሚገባው። «ቆይ፣ ስማህ ነው የሄደችው? ታዲያ ምን ሆንክ?» ይለዋል። እንዲህ ያለውን፣ አንድ ቃል ሳይነካ ሁለት ትርጉም የሚሰጠውን ኅብር ይሉታል። እኔ ከማጥበቅ ማላላቱ ይልቅ ይህን እወዳለሁ። ዘፋኙ ድምፁን ማጭበርበር አያስፈልገውም። እንዳለ ብሎት ይሄዳል፣ ፍርዱ የአንቺ ነው።

ሦስተኛዋ የእናንተው አካባቢ ናት፦

ሱሉልታ አመሸሁ፣ ብርዱ በረታብኝ፣
ኮቱ እልሻለሁ፣ ምነው ዘገየሽብኝ።

የሱሉልታን የማታ ብርድ የሚያውቅ ሰው ኮት መለመኑ አይገርመውም። ግን በዚያ ዙሪያ ያለ ሰው ኦሮምኛም አማርኛም ይሰማል። «ኮቱ» በኦሮምኛ ነይ ማለት ነው። ልጁ ከብርዱ የሚያድነው ምን እንደሆነ በሁለት ቋንቋ ተናገረ። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላን፣ ለገጣፎ ላይ የሚዘፍን አዝማሪ ይህ ሀብት አለው። መሀል ከተማ ይህን ግጥም ብትይው ግማሹ ሰው ኮት ያመጣልሻል። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ድንኳን ግን ገና «ኮቱ» ከማለቱ ይነሳል። አማችሽ ሰንዳፋ ከሆኑ ቅልቅሉ ላይ ጆሮሽን ለዚህ ክፈቺው። በእኔ ዕይታ ዛሬ አዲስ ነገር እየተፈጠረ ያለው በእነዚህ የከተማ ዳርቻዎች ነው። ከወሎ የመጣው፣ ከሸዋ የመጣው፣ እዚያው የተወለደው፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶት የገባው ሁሉ አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። አዝማሪው ለሁሉም የሚሆን ግጥም መፍጠር አለበት፣ ስለዚህ ይተጋል።

አራተኛዋ ቃል የማትጠመዝዝ ናት፦

አቦሉን ጠጣሁኝ፣ ቶናውንም ደገምኩ፣
በረካው እስኪደርስ ደጃችሁ ላይ ከረምኩ።

የትኛውም ቃል ሁለት ሆኖ አልተሠራም። ሙሉ ወሬው ስለ ቡና ነው። ግን አንድ ሰው ለሦስተኛ ስኒ ክረምቱን ሙሉ ደጅ ላይ አይከርምም። «ከረምኩ» ስትመጣ የቡናው ነገር ይጠረጠራል። ሰውየው ቤተሰቡ ጋ ገብቷል፣ ተመላልሷል። የቀረው ምርቃቱ ነው፣ በረካው። ልጅቷን ስጡኝ ማለቱ ነው፣ ግን አላለም። የቅኔ መምህራን እንዲህ ወርቁ ከውስጥ ሆኖ ሰሙ ብቻ የሚታየውን ውስጠ ወይራ ይሉታል። ለጀማሪ ጆሮ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው፣ የሚይዝሽ ቃል የለውምና። ዘዴው ከልኩ ያለፈውን ነገር መፈለግ ነው። ለቡና ክረምት በዛ። ለበሬ ዳኛ በዛ። በየግጥሙ ውስጥ ከጉዳዩ በላይ የተጋነነ አንድ ነገር ይኖራል። እዚያ ላይ ቁሚ።

እስካሁን ያየሻቸውን አስተውለሽ ከሆነ፣ በሁሉም ውስጥ የሚያማርረው ወንዱ ነው። ተዋረድኩ ይላል፣ በሬዬ ተመታ ይላል፣ ተለየችኝ ይላል፣ በረደኝ ይላል፣ ደጅ ከረምኩ ይላል። የሚሳቅበትም እሱ ነው። ሴቲቱ ግን በየግጥሙ የፈለገችውን የምታደርግ ናት። ትነዳለች፣ ታንኳኳለች፣ ትስማለች፣ ትሄዳለች። በዘፈን ውስጥ ስድብንና ፍቅርን የምለይበት መስፈርቴ ይሄ ነው። ሳቁ ማን ላይ እንዳረፈ እይ። ዘፋኙ ወይም ዘፋኙ የሚወክለው አፍቃሪ ላይ ካረፈ ፍቅር ነው። የተወደደችዋ ላይ ካረፈ፣ መልኳን፣ ዕድሜዋን፣ ዘሯን፣ ድህነቷን ከነካ፣ ሰሙ ምንም ያህል ቢያምር ስድብ ነው። እንዲህ ያለም አለ፣ አልክድሽም። «ጨዋታ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ብዙ ክፋት ሰምቻለሁ፣ አልስቅበትምም። የአንቺው ግን ሳቁ ያረፈው ባልሽ ላይ ነው። እሱም አውቆ ነው የሳቀው።

አንቺ በጊዜው ያልሰማሽበት ሌላም ምክንያት አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። አንዳንድ መዝገበ ቃላት ከፊደሉ በላይ ነጥብ ያደርጋሉ እንጂ ስንጽፍ ማንም አያደርገውም። በንግግር ጊዜ ድምፁ ይለየዋል። በዘፈን ጊዜ ግን ዜማው ጣልቃ ይገባል። ዘፋኙ «አሳ...» ብሎ ድምፁን ሲያንቀረቅበው ጠበቀ ላላ ማለት አትችይም። አዋቂ አዝማሪ ሆን ብሎ መሀል ላይ ይይዘዋል። ባለ አንድ አውታሩ ማሲንቆ ደግሞ ከድምፁ ጋር አብሮ እየሄደ ይሸፍንለታል። ከዚያ ስንኙ ሲያልቅ ማሲንቆው ብቻውን ትንሽ ይጫወታል። ይቺ ክፍተት የአንቺ ናት። የሰማሽውን የምታዞሪው ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ ግጥሙን ይደግመዋል፣ የመጀመሪያው ያመለጠው ሁለተኛው ላይ ይይዛል። ሳቅ ድንኳን ውስጥ በማዕበል የሚመጣው ለዚህ ነው። አንዱ ጥግ ይጀምራል፣ ሌላው ጥግ ዘግይቶ ይከተላል።

ስለዚህ ቤትሽ ስትሆኚ ቪዲዮውን መልሰሽ ስሚው፣ ግን በጽሑፍ አትከተይው። ቪዲዮ ሥር የሚጻፉ ግጥሞች ጸሐፊው የመረጠውን አንዱን ትርጉም ይጭኑብሻል። ሁለተኛውን ስንኝ ብቻ ለይተሽ፣ በተራ ንግግር፣ ያለ ዜማ ለራስሽ በይው። አንዴ በማጥበቅ፣ አንዴ በማላላት። ቃሎቹን አንዴ አያይዘሽ፣ አንዴ ነጥለሽ። የመጀመሪያው ስንኝ አብዛኛውን ጊዜ መደላድል ነው። ወርቁ የሚቀመጠው ሁለተኛው ስንኝ ውስጥ ነው፣ ያውም ወደ መጨረሻው።

በሌላ በኩል፣ አሁን አሁን የማየው አንድ ነገር ያሳስበኛል። ማንኛውም የድሮ የፍቅር ዘፈን ሲነሳ «እሷ ማለት አገር ናት፣ ጎጆው መንግሥት ነው» የሚል ተርጓሚ አይጠፋም። መሠረት አለው። ቅድመ ምርመራን ያስቀረው የፕሬስ አዋጅ በ1985 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ጽሑፍም ዘፈንም በመርማሪ ዓይን ያልፍ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ናፍቆቱን ለአገሩም ለእስረኛ ወንድሙም በፍቅረኛ ስም አሰምቷል። አድማጩም እንዲያ መስማት ለመደ። ግን እያንዳንዱ ዘፈን ወርቅ የለውም። አንዳንዱ ትዝታ የሚያወራው ስለ ሄደች ሴት ብቻ ነው፣ እሱም ይበቃዋል። ግጥሙ የማይሸከመውን ትርጉም የሚጭን ሰው ሁለት ነገር ያበላሻል። የፍቅሩን ኀዘን ያቀልላል፣ ትክክለኛውን ቅኔ ደግሞ ከፈጠራው ጋር ያደባልቃል። የእኔ ደንብ ቀላል ነው። ሁለተኛው ትርጉም ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ሳይሰበር መሄድ አለበት። አንድ ቃል ላይ ብቻ ከሠራ አጋጣሚ ነው፣ ተዪው።

አሁን ወደ እናትሽ። በእኔ ምክር፣ መጀመሪያ ግጥሙን አታብራሪላቸው። «እማዬ፣ አልገባሽም እኮ» የሚል ነገር ከጀመርሽ ነገሩ ይብሳል። መጀመሪያ የሊፍቱን ታሪክ ንገሪያቸው። ያን ቀን ዝናብ ነበር? ሰልፉ ረጅም ነበር? እሱን ከዚያ ሁሉ ሰው ለምን መረጥሽው? ሁሉንም ንገሪያቸው፤ አሁን አግብታችኋል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ታሪኩን ሲጨርሱ ግጥሙ ራሱ ይመጣላቸዋል። ያኔ የሚስቁት ሳቅ የራሳቸው ይሆናል። ለእናት ቅኔ ከሚፈታላት ልጅ ይልቅ፣ ምስጢር የምታካፍላት ልጅ ትበልጣለች።

ቅልቅሉ ላይ ደግሞ እንዲመጡ ብቻ አይደለም የምፈልገው፤ መልስ እንዲሰጡ ነው። አዝማሪ ፊት ተቀምጦ ግጥም መስጠት የቆየ ወግ ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፣ ግጥሙን ይነግረዋል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ግጥሙን የሰጠው ሰው የዕለቱ ባለቤት ይሆናል። እናትሽ ይቺን ቢሰጡት ደስ ይለኛል፣ ለእሳቸው የሠራኋት ናት፦

ሂሳቡን ሳይከፍል ወረደ ተሳፍሮ፣
ሽማግሌ ላከ ዕዳውን አስቆጥሮ።

ሰሟ የታክሲ ተራ ጠብ ናት። ተሳፋሪ ሳይከፍል ወርዶ ሲያበቃ በሽማግሌ ታረቁኝ ይላል። ወርቋን አንቺ ታውቂዋለሽ። ልጄን በነጻ አልሰጠሁም፣ የመጣው ሽማግሌ ልኮ፣ ደጅ ጠንቶ ነው የሚሉበት ነው። ክብራቸውንም ይመልሳል፣ ለአዝማሪው የመጀመሪያ ግጥምም እጥፍ መልስ ነው። እሱ «አሳፈረችኝ» ካለ፣ እሳቸው «ሂሳቡስ?» ማለታቸው ነው። የሰንዳፋ ሰው ይነሳላቸዋል። ግጥሙን ቃል በቃል እንዲያጠኑት አትጫኛቸው። እሳቸው ሲያሻሽሉት ከእኔ የተሻለ ሊወጣቸው ይችላል። የእናቶች ግጥም ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይህን ስል ለማስደሰት አይደለም።

አዝማሪውንም በዝምታ አትጠብቁት። ቀድሞ ሚዜ ይላክ፣ ወይም ባልሽ ራሱ ያዋራው። ምን እንዲነሳ እንደምትፈልጉ ንገሩት፣ ታሪክ ስጡት። ምን እንዳይነሳም ንገሩት። በቅርቡ የሞተ ዘመድ ካለ፣ በቤተሰብ መሀል የተጣላ ካለ፣ የቀድሞ እጮኛ ነገር ካለ፣ «ይሄን ዝለለው» ማለት በቂ ነው። ጥሩ አዝማሪ አይቀየምም፣ ያመሰግናል። ምክንያቱም ድንኳን ውስጥ ሰው አስቀይሞ የሚተርፈው ነገር የለም። እናትሽ እንደተቀየሙም ይነገረው። ነገሩን ወዲያው ይረዳል፣ የመጀመሪያ ግጥሙን ለእሳቸው ሊያደርገው ይችላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ስለ ሽልማት ነው። ብር ግንባሩ ላይ የሚለጥፉ አጎቶች ብዙ ጊዜ የሚነሱት የመጀመሪያው ስንኝ እንዳለቀ ነው። ሰው ያጨበጭባል፣ እልልታው ይቀጥላል፣ ሁለተኛው ስንኝ ሳይሰማ ይዋጣል። ሁለተኛው ስንኝ አልቆ ማሲንቆው ብቻውን እስኪገባ ድረስ እንዲታገሱ ንገሪያቸው።